የሕፃንን ደረት በቤት የሚያዳምጥ መሣሪያ፦ ትክክል መስማቱ ብቻ ለምን አይበቃም?

ሌሊት ከታመመ ልጇ ጋር የምትነቃ እናት የምትፈልገው መልስ አጭር ነው። ከልጁ ደረት የሚወጣው ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ የአስም ነው ወይስ በጉንፋን የታፈነ አፍንጫ? መድኃኒቱን ልስጠው ወይስ ይተኛ? አሁን ወደ ሐኪም ቤት ልውሰደው ወይስ እስኪነጋ ልጠብቅ? ለዚህ ጭንቀት መልስ ይሰጣሉ የተባሉ ትናንሽ መሣሪያዎች ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ገበያ ላይ ወጥተዋል። አንዱ የጃፓኑ ኦምሮን ኩባንያ ያቀረበው ዊዝስካን ነው። በእጅ መዳፍ ይያዛል፤ በልጁ ደረት የላይኛው ቀኝ በኩል፣ ልብስ በሌለበት ቆዳ ላይ ለ30 ሰከንድ ያህል ይደረጋል፤ የትንፋሹን ድምፅ መርምሮ የደረት ፉጨት መኖር አለመኖሩን ያሳያል። የተሠራው ከ4 ወር እስከ 7 ዓመት ለሆናቸው ልጆች ነው፤ የሚሰማቸውን በቃላት መግለጽ ለማይችሉት ማለት ነው።

ስለ እንዲህ ያለ መሣሪያ የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው “በትክክል ይሰማል ወይ?” ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሁለተኛውን ጥያቄ ግን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው፦ እንቅልፍ ያጣ፣ የደነገጠ፣ የሕክምና ትምህርት የሌለው ሰው መሣሪያውን በትክክል ሊይዘውና መልሱን በትክክል ሊረዳው ይችላል ወይ? ይህን የሚመረምረው ሥራ የአጠቃቀም ፍተሻ ይባላል። በእኔ እምነት ለቤት በሚሠራ የሕክምና መሣሪያ ላይ ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው እኩል ክብደት ሊሰጠው ይገባል። ምክንያቱን ለማየት ከድምፁ እንነሳ።

አስም ሲነሳ በመተንፈሻ ቱቦዎች ዙሪያ ያሉት ጡንቻዎች ይኮማተራሉ፣ የቱቦው የውስጥ ግድግዳ ያብጣል፣ አክታ ይበዛል። በዚህም መተላለፊያው ይጠባል። አየር በጠባቡ መንገድ ሲገፋ ግድግዳውን ያርገበግበዋል፤ ከእርግብግቡም ቃና ያለው ድምፅ ይወጣል፤ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው አየር ወደ ውጭ ሲወጣ ነው። ፉጨትን ከሌሎች የደረት ድምፆች የሚለየው ይህ ቃና ነው። አክታ ሲንኮራኮር የሚሰማው የተቆራረጠና የተደበላለቀ ድምፅ ነው። ፉጨት ግን ቢያንስ ከ80 እስከ 100 ሚሊሰከንድ ሳይቋረጥ ይዘልቃል፣ ድግግሞሹ (በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት) ከ100 ሄርዝ በላይ ነው፣ ጎልተው የሚወጡ አንድ ወይም ጥቂት ቃናዎችም አሉት። በመሣሪያው ውስጥ ያለው ፕሮግራም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ድምፁን በየድግግሞሹ ከፋፍሎ፣ ሳይቋረጥ የሚዘልቅ ጎላ ያለ መስመር መኖሩን ያያል።

ሐኪሞች ድምፁን በማዳመጫ መስማት የጀመሩት ፈረንሳዊው ሬኔ ላኔክ የመጀመሪያውን ማዳመጫ ከሠራበት ከ1816 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው። ለቤተሰብ ግን ነገሩ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 በእንግሊዝ የታተመ ጥናት፣ ወላጆች “ያፏጫል” ያሉትና ሐኪሞች መርምረው ያገኙት የተስማማው ከግማሽ ባነሰ ጊዜ መሆኑን አሳይቷል። አንዳንዱ ወላጅ የአፍንጫውን ማንኮራፋት ፉጨት ይለዋል፣ ሌላው የጉሮሮውን ድምፅ፤ ሌላው ደግሞ የልጁን መጨነቅ አይቶ ድምፅ ሳይሰማ “ያፏጫል” ይላል። ሐኪሙ ግን ልጁን የሚያየው በማግስቱ፣ ብዙ ጊዜም ድምፁ ጠፍቶ ነው። ሕክምናውን የሚወስነው ወላጅ በነገረው ታሪክ ላይ ተመሥርቶ ነው። የቤት መሣሪያው ጠቃሚነት እዚህ ላይ ነው፤ ድምፁ በተሰማበት ሰዓት፣ በተሰማበት ቤት ውስጥ ሊመዘግበው ይችላል።

እንግዲህ መሣሪያው በቤተ ሙከራ ፉጨትን በሚገባ ለየ እንበል። በሰለጠነ ነርስ እጅ፣ ጸጥ ባለ ክፍል፣ ሐኪም አጠገብ ቆሞ። ይህ ስለ መሣሪያው ብዙ ይነግረናል፤ በሌሊት በቤት ውስጥ ስለሚሆነው ግን የሚነግረን ትንሽ ነው። የአጠቃቀም ፍተሻ ሥራውን የሚጀምረው ከዚህ ነው። አሠራሩ ዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣለት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውና በ2020 የተሻሻለው አይኢሲ 62366-1 የሕክምና መሣሪያ ሠሪዎች የተጠቃሚን ስሕተት አስቀድመው እንዲያስቡ፣ እንዲፈትሹና እንዲቀንሱ ያዛል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2016 የራሱን መመሪያ አውጥቷል። የሁለቱም መነሻ ሐሳብ አንድ ነው፦ ተጠቃሚው ሲሳሳት ምክንያቱ በንድፉ ውስጥ ይፈለጋል እንጂ በሰውየው ግዴለሽነት አይሳበብም።

ፍተሻው ሁለት መልክ አለው። የመጀመሪያው መሣሪያው ገና ሲነደፍ የሚደረግ ነው፤ ከካርቶን ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ሞዴል ለጥቂት ሰዎች ይሰጥና እንዴት እንደሚይዙት፣ የትኛውን ቁልፍ እንደሚጫኑ፣ ምን ላይ እንደሚያመነቱ ይታያል። ሰዎቹ የሚያስቡትን ድምፃቸውን አውጥተው እየተናገሩ እንዲሠሩ ይጠየቃሉ። ንድፉ ይስተካከላል፣ እንደገና ይሞከራል። ሁለተኛው የመጨረሻው ፈተና ነው፤ ለገበያ የሚቀርበው መሣሪያ ራሱ ከማሸጊያውና ከመመሪያ ወረቀቱ ጋር፣ ከዚህ በፊት አይተውት ለማያውቁ ሰዎች ይሰጣል። በዚህኛው ፈታኙ አይረዳም፣ አይጠቁምም፣ “አይ፣ በዚያ በኩል” አይልም። ሰውየው ቢሳሳትም ዝም ብሎ ይመዘግባል። ሥልጠና የሚሰጥበት መሣሪያ ከሆነም በሥልጠናውና በፈተናው መካከል ጊዜ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ሰው ቤቱ ገብቶ መሣሪያውን እስኪያነሳ ድረስ የሚረሳው ነገር አለና።

አንዱን ክፍለ ጊዜ ቀረብ ብለን እንየው። ታሪኩ ለማብራሪያ ያህል ነው፤ የያዛቸው ስሕተቶች ግን በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ የሚጠበቁ ናቸው። ክፍሉ እንደ መኝታ ቤት ተዘጋጅቷል፣ መብራቱ ደብዝዟል። የታመመ ሕፃን አስተኝቶ መፈተን ስለማይገባ አልጋው ላይ አሻንጉሊት ተኝቷል፤ ደረቱ ውስጥ ከተቀበረ ድምፅ ማጉያ ከእውነተኛ ሕፃን የተቀረጸ ትንፋሽ ይሰማል። አንዲት እናት ትገባለች። “ልጅዎ ሌሊት ሲያስል ነቅተዋል፤ ደረቱን በዚህ መሣሪያ ይመርምሩ፤ ከዚያም ምን እንደሚያደርጉ ያሳዩን” ይባላሉ።

እናትየው ሳጥኑን ከፍተው መመሪያውን ወደ ጎን ያደርጉታል። መሣሪያውን ያበሩና አሻንጉሊቱ በለበሰው ፒጃማ ላይ ያስቀምጡታል። ጨርቅ በቆዳና በመቀበያው መካከል ሲገባ ይፋተጋል፤ መፋተጉ የራሱን ድምፅ ያወጣል፣ የትንፋሹንም ያደበዝዛል። ትንሽ ቆይተው ሥዕሉን ያዩና ልብሱን ይገልጣሉ። ደረቱ ላይ ያደርጉታል፤ ግን በግራ በኩል፣ ልብ ያለበት ቦታ። የሐኪም ማዳመጫ ሁልጊዜ እዚያ ሲያርፍ አይተዋላ! መሣሪያው መቅዳት ይጀምራል። ምን ያህል እንደቀረው የሚያሳያቸው ነገር ስላላገኙ 20ኛው ሰከንድ ላይ ያነሱታል። የስሕተት ምልክት ይበራል። ምልክቱን እንደ ውጤት ይወስዱትና “ፉጨት አለው ማለት ነው” ብለው ወደ መድኃኒቱ ይዞራሉ።

እዚህች አጭር ቅጽበት ውስጥ አራት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ ልብሱ፣ ቦታው፣ ጊዜው፣ ምልክቱ። ፈታኞቹ ሁሉንም አንድ ላይ “አልቻለችም” ብለው አይጽፉም። ስሕተቱ በአሳሳቢነቱ ይመዘናል። መጀመሪያ ልብስ ላይ አድርገው ራሳቸው ማረማቸው ችግር ነው፣ ግን ጉዳት አያመጣም። የስሕተትን ምልክት እንደ ምርመራ ውጤት ማንበባቸው ግን ልጁ የማያስፈልገውን መድኃኒት እንዲወስድ ወይም የሚያስፈልገውን እንዲያጣ ሊያደርግ ይችላል። ከዚያ ምክንያቱ ይፈለጋል፦ ምልክቱን አላዩትም? አይተውት ትርጉሙን አላወቁም? ወይስ አውቀውት እጃቸው ሌላ ቁልፍ ነካ? ሦስቱ መድኃኒታቸው ለየብቻ ነው። የማይታይ መብራት ይጎላል፣ የማይገባ ምልክት ይለወጣል፣ የሚሳሳት ቁልፍ ቦታው ይቀየራል።

ብዙ አምራቾች የሚቀናቸው አራተኛ መንገድ አለ፤ በመመሪያው ላይ በደማቅ ፊደል አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር። የሕክምና መሣሪያዎች የአደጋ ቁጥጥር ደንብ ግን ይህን መንገድ በመጨረሻ ደረጃ ነው ያስቀመጠው። በመጀመሪያ ስሕተቱ እንዳይፈጸም ንድፉን መለወጥ፣ ያ ካልተቻለ መሣሪያው ራሱ እንዲከላከል ማድረግ፣ ይህም ካልሆነ ብቻ በጽሑፍ ማስጠንቀቅ። መሣሪያው አካባቢው ጫጫታ ሲበዛበት ውጤት አልሰጥም ቢል ይህ የመሣሪያው የራሱ መከላከያ ነው። “ጸጥ ባለ ቦታ ይጠቀሙ” የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ግን የሚያለቅስ ልጅ ይዛ ለቆመች እናት የሚጠቅማት እምብዛም ነው።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነጥብ ልምጣ። ከሁሉም ውጤቶች አደገኛው “ፉጨት የለም” የሚለው ነው፤ በተለይም እውነት ሲሆን። ፉጨት እንዲሰማ በጠባቡ ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ አየር ያስፈልጋል። አስም እጅግ ሲበረታና ቱቦዎቹ ሊዘጉ ሲቃረቡ የሚያልፈው አየር ያንስና ድምፁ ይጠፋል። ሐኪሞች ይህን ጸጥ ያለ ደረት ይሉታል፤ የድንገተኛ ክፍል ባለሙያዎች ከሚፈሯቸው ምልክቶች አንዱ ነው። ያኔ መሣሪያው “ፉጨት የለም” ቢል አልተሳሳተም። የተጠየቀውን መልሷል። እናት የጠየቀችው ግን “ልጄ ደህና ነው ወይ?” ብላ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች የሚለያዩ መሆናቸውን ተጠቃሚው መረዳቱን መፈተሽ፣ ከቁልፍና ከመብራት ሁሉ የሚበልጥ ሥራ ነው። ጥሩ ፍተሻ ለተሳታፊው እንዲህ ያለ ሁኔታ ያቀርባል፦ ልጅዎ የጎድን አጥንቱ እየገባ እየወጣ በችግር ይተነፍሳል፣ መሣሪያው ግን ፉጨት የለም ብሏል፤ ምን ያደርጋሉ? “እንግዲህ ይተኛ” የሚል መልስ ከአንድ ሰው እንኳ ከመጣ፣ መሣሪያው ውጤቱን የሚያሳይበት መንገድ ተመልሶ መታየት አለበት። አረንጓዴ መብራት በየትም አገር “እለፍ” ማለት ነው፤ “ድምፅ አልሰማሁም” ለማለት አረንጓዴ የሚያበራ ንድፍ ካለ ሊታሰብበት ይገባል።

ስንት ሰው ይበቃል? በኮምፒውተር ንድፍ ዓለም አምስት ሰው ከችግሮቹ 85 በመቶውን ያሳያል የሚል አባባል አለ። ስሌቱ የቆመው እያንዳንዱ ችግር ከሦስት ሰው አንዱን ያህል ያጋጥማል በሚል ግምት ላይ ነው። ከ20 ሰው አንዱን ብቻ የሚያጋጥም ስሕተት ቢሆንስ? በአምስት ሰው የመታየት ዕድሉ 23 በመቶ ገደማ ነው፤ በ15 ሰው 54 በመቶ ገደማ ይሆናል። የአሜሪካው መመሪያ በመጨረሻው ፈተና ለእያንዳንዱ የተጠቃሚ ዓይነት ቢያንስ 15 ሰው ይላል፤ ያም ሆኖ ብዙ ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህም ነው ማለፊያ ነጥብ ያልተቀመጠው። “95 በመቶው በትክክል ተጠቅሟል” ማለት በቂ አይሆንም፤ የቀረው 5 በመቶ ያደረገው ስሕተት ልጅን የሚጎዳ ከሆነ አንድ በአንድ መመርመር አለበት።

የማስታወቂያ ጽሑፎች ግን ሌላ ቁጥር ይወዳሉ፤ የእርካታ መለኪያውን። በስፋት የሚሠራበት እንግሊዛዊው ጆን ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1986 ያዘጋጀው የአሥር ዐረፍተ ነገር መጠይቅ ሲሆን፣ ውጤቱ ከ0 እስከ 100 ይደርሳል። በመቶኛ የሚነበብ ግን አይደለም፤ 68 አማካይ ሆኖ ይቆጠራል፣ ስለዚህ 70 ያገኘ መሣሪያ ከመካከለኛው ብዙም አልራቀም። ሌላም አለ፦ መሣሪያውን ግራ ደረት ላይ ያደረገ ሰው መሳሳቱን ካላወቀ “በጣም ቀላል ነው” ብሎ ከፍተኛ ነጥብ ሊሰጥ ይችላል። መውደድና በትክክል መሥራት ተለይተው መለካት አለባቸው።

ማን ይፈተን የሚለውም ከቁጥሩ ያላነሰ ነው። ሕፃን በብዙ ቤት የሚውለው ከእናቱ ጋር ብቻ አይደለም፤ አያት አለች፣ ሞግዚት አለች፣ ታላቅ እህት አለች። የቅርብ ማየት የሚያስቸግራቸው አያት ትንሹን ማሳያ ያለ መነጽር ያነቡታል ወይ? ሞግዚቷ የመመሪያውን ቋንቋ ታውቃለች ወይ? በናሙናው ያልተካተተ ሰው ችግሩ አይታይም። በጣት ላይ ተደርጎ የደም ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ ምሳሌ ይሁነን፤ ለረጅም ዓመታት በሰፊው ካገለገለ በኋላ፣ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት ጥቁር ሕሙማን ላይ ያለውን የኦክስጅን ማነስ ከነጮቹ ጋር ሲነጻጸር ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን እንደሚስት አሳይቷል።

እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ወደ እኛ ቤት የሚመጡት ብዙውን ጊዜ ከውጭ አገር በዘመድ ሻንጣ ስለሆነ፣ የእኛን ቤት አስበው ያልፈተኗቸውን ነገሮች ማሰብ ያስፈልጋል። በክረምት፣ ጉንፋን በሚበዛበትና የልጆች ደረት በሚታመምበት ወቅት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደው ዝናብ መሣሪያው ከሚችለው ጫጫታ በላይ ሊሆን ይችላል። የሰዓቱ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። መሣሪያው ወይም ከእሱ ጋር የሚሠራው የስልክ መተግበሪያ 03:00 ብሎ ቢመዘግብ፣ በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 9 ሰዓት ነው። እናት “ሦስት ሰዓት ላይ ነው” ብላ ብትነግረው ሐኪሙ ልጁ ማታ ከመተኛቱ በፊት ወይም ጠዋት ከቁርስ በኋላ የሆነ አድርጎ ይወስደዋል። አስም በሌሊትና ሊነጋጋ ሲል የመባባስ ጠባይ ስላለው፣ ልጁ በሌሊት በሕመሙ ምልክት መንቃት አለመንቃቱ በሽታው በቁጥጥር ሥር መሆኑን ከሚያሳዩት ዋና ዋና መለኪያዎች አንዱ ነው። የስድስት ሰዓት ልዩነት የሌሊቱን ሕመም የቀን ያደርገዋል፣ መድኃኒቱንም ሳይጨመር ያስቀረዋል። በርሊን ወይም ኪዮቶ ላይ የሚካሄድ ፍተሻ ይህን ሊያገኝ አይችልም፤ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ላይ ቢካሄድ ግን ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዎች ላይ የሚታይ ይመስለኛል።

ሁሉም ነገር በትክክል ቢሠራስ ልጁ ይሻለዋል ወይ? በዊዝስካን ላይ በርሊን፣ ለንደንና ኢስታንቡል ውስጥ በተካሄደ ጥናት ግማሾቹ ቤተሰቦች መሣሪያውን ተቀብለው፣ ግማሾቹ ያለ መሣሪያው ለጥቂት ወራት ተከታትለዋል። ቤተሰቦቹ መሣሪያውን ወደውታል፤ በልጆቹ የበሽታ ቁጥጥር ላይ ግን በሁለቱ ቡድኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም። ይህ ውጤት መሣሪያውን ዋጋ ቢስ አያደርገውም። ድምፁን ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ ከታወቀ በኋላ ምን እንደሚደረግ የተጻፈ ዕቅድ መኖሩ፣ የሚነፋው መድኃኒት መገኘቱና በትክክል መወሰዱ ሌላ ነገር ነው። ልጅን የሚያሽለው ሁለተኛው ነው፤ መሣሪያ ሊያግዘው ይችላል እንጂ ሊተካው አይችልም።

መሣሪያው ቤታችሁ ካለ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩት በሕመም ሌሊት አይሁን። ልጁ ደህና ሆኖ በተኛበት ሰዓት፣ ራዲዮና ቴሌቪዥን ጠፍቶ ሞክሩት፤ የስሕተት ምልክቱን ሆን ብላችሁ አምጡትና ምን እንደሚመስል እዩት። ልጁን የሚጠብቁት ሁሉ፣ አያትም ሞግዚትም፣ እናንተ አጠገብ ቆማችሁ ሳትረዷቸው ይሞክሩት። መዝገቡን ለሐኪም ስታሳዩ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ለውጣችሁ ንገሩ፣ ቀን ይሁን ሌሊት አስረዱ። ልጁ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ሥር ወይም አንገቱ ሥር ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ ለመጥባት ወይም ለመናገር ትንፋሹ ካጠረው፣ ከወትሮው በተለየ ከደከመና ካንቀላፋ፣ ምላሱና ድዱ ወደ ሰማያዊነት ወይም ግራጫነት ካደላ ግን መሣሪያውን ማንሳት አያስፈልግም፤ ሐኪሙ ያዘዘውን ፈጣን ማስታገሻ እየሰጣችሁ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።